ተረቱ ካለቀ በኋላ

ቤንጋሉሩ ውስጥ፣ እኛ ባንጋሎር የምንላት ከተማ፣ ራንጋ ሻንካራ የሚባል ቴአትር ቤት አለ። በሩ በሰዓቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይገባም። ይህን የነገረችኝ ክፍል የምትጋራኝ የማይሶር ልጅ ነች። ቴአትሩ የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ 12 ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ ነበርኩ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ወር ነበር። ቴአትሩ የሚሠራው በካነዳ ነው፤ የካርናታካ ክልል ቋንቋ ነው፣ ከአገሩ ከካናዳ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ከቋንቋው የማውቀው ውሃ መጠየቅና ዋጋ መጠየቅ ነበር። ተውኔቱን ግን በዋዜማው በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ራሱ ነው የተረጎመው።

መብራቱ ጠፋ። ሁለት ሰዎች አንድ ጨርቅ ግራና ቀኝ ይዘው ወጡ። እስከ ደረት የሚደርስ አጭር መጋረጃ ነው። ከኋላው የሚያለቅስ ድምፅ ተሰማ። ጨርቁ ቀስ እያለ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የፈረስ ራስ ታየ። ከዚያ ትከሻ። ከዚያ ሸሚዝ፣ እጅ፣ ጣት። ከአንገቱ በታች ሰው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬ መጣ። ያ ሰው የሚፈልገው ሙሉ መሆን ብቻ ነው። ወይ ሙሉ ሰው፣ ወይ ሙሉ ፈረስ።

ተውኔቱ «ሃያቫዳና» ይባላል፤ «ባለ ፈረስ ፊቱ» እንደ ማለት ነው። የወጣው በ1971 ነው። (ቀኑንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጸሐፊው ጊሪሽ ካርናድ ነው። የህንድ ፊልም የምታዩ ሰዎች ፊቱን ሳታውቁት አትቀሩም። «ኤክ ታ ታይገር» ላይ የሳልማን ካን የስለላ አለቃ ሆኖ የሚተውነው ባለ መነጽሩ ሽማግሌ እሱ ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ ተውኔቶቹን እያሳደድኩ አነበብኳቸው። ሁሉም ውስጥ አንድ ጠባይ አገኘሁ። ካርናድ አዲስ ታሪክ ልፍጠር ብሎ አይጨነቅም። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ይወስዳል። የአያት ተረት፣ የማሃባራታ (የጥንቱ የህንድ ረጅም ግጥም) ታሪክ፣ ትምህርት ቤት የተማሩትን ንጉሥ። ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሌላው ሰው ይነሳል። ካርናድ አይነሳም። እዚያው እንደተቀመጠ «ቆይ እንጂ፣ ከዚያስ?» ይላል።

የ«ሃያቫዳና»ን ሥር ተመልከቱ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሶማዴቫ የሚባል የካሽሚር ሰው በሳንስክሪት ባሰባሰባቸው ተረቶች ውስጥ አንድ እንቆቅልሽ አለ። የአንዲት ሴት ባልና ወንድም በአምላክ ፊት ራሳቸውን ይቆርጣሉ። አምላኳ ለሴትየዋ አዘነችና «ራሳቸውን በየገላቸው ላይ መልሺው» አለቻት። እሷ በጥድፊያ አቀያየረችው። ሁለቱም ተነሱ። አሁን ባሏ የትኛው ነው? የተጠየቀው ንጉሥ መልሱን ያውቃል። ራስ የገላ ሁሉ አለቃ ነው፤ ስለዚህ የባሏን ራስ የያዘው ነው። አለቀ፣ ተረቴን መልሱ።

ጀርመናዊው ቶማስ ማን በ1940 ይህን ወስዶ ወንድምየውን ጓደኛ አደረገው፣ ኑሯቸውንም አስቀጠለው። ካርናድ ከቶማስ ማን መነሳቱን አልደበቀም። እሱ ያመጣው ግን የሴትየዋን ዓይን ነው። ባለ ፈረስ ፊቱንም ጨመረበት።

ዴቫዳታ የብራህሚን፣ የከፍተኛው የካህናት ዘር፣ ልጅ ነው። ገጣሚ፣ ፊቱ የሚያምር፣ ገላው ለስላሳ። ካፒላ የአንጥረኛ ልጅ ነው። ጉልበታም፣ ደረቱ ሰፊ። ጓደኝነታቸው የጉድ ነው። ፓድሚኒ ዴቫዳታን አገባች። አንድ ቀን ሦስቱ አብረው መንገድ ሲሄዱ ካፒላ አበባ ሊያወርድላት ዛፍ ላይ ይወጣል። ፓድሚኒ ጀርባውን ታያለች። ባሏ ደግሞ እሷ ስታይ ያያል። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች እይታ ነው። ዴቫዳታ በአቅራቢያው ካለው የአምላኳ የካሊ ቤተ መቅደስ ገብቶ አንገቱን ይቆርጣል። ካፒላ ጓደኛውን ሲያይ እሱም ይደግማል።

ካሊ ብቅ ስትል እንቅልፏን አልጨረሰችም። ታዛጋለች። ፓድሚኒን «ቶሎ በይ» ትላታለች። ፓድሚኒ በጨለማ ሁለቱን ራስ አነሳች፣ አስቀመጠች። ተሳስታ ነው? ወይስ እጇ ልቧ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር? ካርናድ አይነግረንም። ያን ማታ የተጫወተችው ተዋናይት ግን እጇን አንድ ጊዜ አቆመችው። ራሱን ይዛ፣ ከገላው በላይ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ አስቀመጠችው። ጓደኛዬ ክንዴን ጨመቀችኝ።

ክርክሩን የወደድኩት ለካፒላም የሚናገርለት ነገር ስላለው ነው። ራስ አለቃ ነው ይባላል፤ እሺ። ግን በሠርጉ ቀን እጇን የያዘው ይህ እጅ ነው፤ በሆዷ ያለው ልጅ የመጣውም ከዚህ ገላ ነው። ሲከራከሩ ቆይተው ወደ አንድ መናኝ ይሄዳሉ። መናኙ እንደ ተረቱ ንጉሥ የባሏን ራስ ለያዘው ይፈርዳል። ፓድሚኒ የባሏን ፊትና የካፒላን ገላ ይዛ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትገባለች።

ከዚያስ? ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ዴቫዳታ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። ገላው መለስለስ ይጀምራል። ይህን የሚነግሩን ለሚወለደው ልጅ የተገዙ ሁለት አሻንጉሊቶች ናቸው። እጁ ሲነካቸው ሻካራ የነበረው መዳፍ እየላላ መምጣቱን እነሱ ናቸው ቀድመው የሚያውቁት። ጫካ የገባው ካፒላ በበኩሉ የተሰጠውን የገጣሚ ገላ እያሠራ፣ እያላበ፣ መልሶ የአንጥረኛ ገላ ያደርገዋል። ፓድሚኒ ልጇን አቅፋ ጫካ ትወርዳለች። መጨረሻው ደም ነው። ሁለቱ ወንዶች ይጋደላሉ፣ እሷ እሳት ትገባለች። የቀረው ልጅ አይናገርም፣ አይስቅም። የሚስቀው ያ ባለ ፈረስ ፊት ሙሉ ፈረስ ሆኖ ሲመጣ ነው፤ ድምፁ ብቻ የሰው ሆኖ ቀርቶበታል። ከልጁ ጋር አብሮ ሲስቅ ሲስቅ ድምፁም ማሽካካት ሆነ። ያኔ ሙሉ ሆነ።

እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቴአትር አላየሁም ነበር። ቋንቋውን አለመስማቴን የረሳሁት መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ካርናድ በ1938 ማቴራን በምትባል የተራራ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ሲርሲና ዳርዋድ ነው። ሲርሲ እያለ ተጓዥ የቴአትር ቡድኖችና ያክሻጋና የሚባለው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ የገጠር ጨዋታ ይመጡ ነበር። ያ አጭር መጋረጃ ከዚያ የመጣ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ። እናቱ ክሪሽናባይ ልጅ ይዘው ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ነርስነት የተማሩ። ባል የሞተባት ሴት ደግማ ማግባቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ሁለቱ ለመጋባት ዓመታት ጠብቀዋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ካርናድ ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። እናቱ እሱን ሲያረግዙ ሌላ ልጅ አልፈለጉም ነበር። ለማስወረድ ፑኔ ከተማ አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄደው ቁጭ አሉ። ሐኪሟ ሳትመጣ ቀረች። ጠብቀው ጠብቀው ተመለሱ። ካርናድ መጽሐፉን ያበረከተው ለዚያች በቀጠሮዋ ላልተገኘች ሐኪም ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ተውኔቶቹ ውስጥ ሴቶቹ ለምን እንደዚያ እንደሚናገሩ የገባኝ። የተረቱ ጠርዝ ላይ የምትቀመጠውን ሴት እሱ ከቤቱ ያውቃታል።

የመጀመሪያውን፣ በ1961 የታተመውን «ያያቲ»ን፣ ሲጽፍ ካርናድ 23 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሒሳብና ስታቲስቲክስ ተምሮ የሮድስ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኦክስፎርድ ሊሄድ ነው። ወላጆቹ ሄዶ እንዳይቀር ፈርተዋል። በቤቱ ጭንቀት አለ። በዚያ መሃል እንደ መጣለት የጻፈው ይህን ተውኔት ነው። የሚገርመው፣ ያኔ ሕልሙ በእንግሊዝኛ ገጣሚ መሆን ነበር። የአፍ መፍቻው ደግሞ ኮንካኒ ነው። የልቡ ነገር ሲመጣ ግን ባደገበት ከተማ ቋንቋ፣ በካነዳ መጣ። ከአገር ወጥቶ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔ ራሴ ቤንጋሉሩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ውዬ፣ ስናደድ ግን በአማርኛ ነበር የምናደደው።

ታሪኩ ከማሃባራታ ነው። ንጉሥ ያያቲ በእርግማን ያለ ጊዜው ያረጃል። ወጣትነቱን የሚሰጠው ካገኘ ይድናል። ትንሹ ልጁ ፑሩ «የኔን ውሰድ» ይላል። ማሃባራታ ልጁን ያመሰግናል፣ ኋላም ዙፋኑን ይሸልመዋል። ካርናድ ለፑሩ ሚስት ሰጠው። ቺትራሌካ ትባላለች። አዲስ ሙሽራ ነች። ገና ወደ ቤቱ መግባቷ ነው። አባትና ልጅ ስለ መሥዋዕትነት ተነጋግረው ሲጨርሱ እሷ የባሏን ፊት ታያለች፤ ሽማግሌ ሆኗል። ከዚያ ሄዳ አማቷን ፊት ለፊት ታፋጥጠዋለች። የባሌን ወጣትነት ከወሰድክ የእኔንስ ነገር ማን ይወስዳል? ንጉሡ መልስ የለውም። እሷ መርዝ ትጠጣለች። ተውኔቱ የልጅ ሥራ ነው፤ ንግግሩ ይበዛል። ቺትራሌካ በምትናገርባቸው ገጾች ላይ ግን አንዲት ቃል አይተርፍም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1964፣ «ቱግላቅ» መጣ። ስለዚህኛው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሙሐመድ ቢን ቱግላቅ ከ1325 እስከ 1351 የዴልሂ ሱልጣን ነበር። የተማረ ነው። ፍልስፍና ያውቃል፣ ግጥም ይወዳል። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በዳኝነት ያገለገለው እሱን ነው። በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደ ዳውላታባድ አዛወረ፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዋጋው ከብር ጋር እኩል ነው ብሎ የመዳብ ሳንቲም አወጣ። ሁለቱም ከሸፉ። ህንድ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልታሰበበት የመንግሥት ውሳኔ ሲወጣ «የቱግላቅ ሥራ» ይባላል።

ካርናድ ሰውየውን እብድ አላደረገውም። ይህ ነው የሚያስፈራው። የካርናድ ቱግላቅ በእውነት ሕዝቡን የሚወድ ሰው ነው። ሂንዱና ሙስሊም በፍርድ ፊት እኩል ይሁኑ ይላል። ዋና ከተማውን የሚያዛውረው ዳውላታባድ የሂንዱዎች ከተማ ስለሆነች፣ ሁለቱን ያስተሳስራል ብሎ ነው። የፋርሱን ገጣሚ የሳዲን ግጥሞች የሚመስል የጽጌረዳ ቦታ ሊተክል ይመኛል። ሌሊት አይተኛም። ሐሳቡን ሲሰማ ሰው ልቡ ይሰፋል። ሐሳቡ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ሰው ይሞታል።

ከጎኑ ደግሞ አዚዝ አለ። ልብስ አጣቢ ነው። የታሪክ መጽሐፍ የማያውቀውን ይህን ሰው ካርናድ ነው የጨመረው። ሱልጣኑ «በደል የደረሰበት መንግሥትን ይክሰስ» ብሎ ያውጃል። አዚዝ የብራህሚን ልብስ ለብሶ መሬቴ ተወሰደብኝ ብሎ ይከሳል፣ ያሸንፋል፣ ብር ይቀበላል። የመዳብ ሳንቲም ሲታወጅ አዚዝ የሐሰት ይሠራል። ሱልጣኑ አዋጅ ባወጣ ቁጥር አዚዝ ቀዳዳዋን ያገኛል።

አንድ ትዕይንት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሕዝቡ ከዴልሂ ወደ ዳውላታባድ እየተጋዘ ነው። አዚዝ የመንግሥት ሹም ሆኖ በመንገድ ላይ ሰፈሩን ይጠብቃል። አንዲት ሴት የታመመ ልጅ ታቅፋ ትመጣለች። ሐኪም ጋ ደርሼ ልመለስ ትለዋለች። እሱ ገንዘብ ይጠይቃታል። የያዘችው ለሐኪሙ የምትከፍለውን ብቻ ነው። አትሄጂም ይላታል። ትዕይንቱ አንድ ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። ሱልጣኑ እዚያ የለም፣ ስለዚያች ሴት መቼም አይሰማም። ግን አዋጁን ያወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

ኋላ ላይ የሐሰቱ ሳንቲም በጋሪ እየመጣ በቤተ መንግሥቱ ይከመራል። ሱልጣኑ የጽጌረዳው ቦታ ላይ እንዲከመር ያዛል። በመጨረሻ አዚዝ ይያዛል። ሱልጣኑ ይገድለዋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሹመት ይሰጠዋል። አዋጆቹን ቃል በቃል የተከተለለት እሱ ብቻ ነውና። ከዚያ፣ ዓመታት እንቅልፍ ያጣው ሰው ዙፋኑ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይጥለዋል። የአዛን ድምፅ ይሰማል። ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም።

ተውኔቱ የወጣው የህንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔሩ በሞተበት ዓመት ነው። ህንዶች ከነፃነት በኋላ የነበራቸው ትልቅ ተስፋ እንዴት እንደደበዘዘ አዩበት። በ1970ዎቹ ኢብራሂም አልካዚ በዴልሂ አሮጌው ምሽግ፣ ፑራና ኪላ ፍርስራሽ ላይ፣ አዘጋጅቶ አሳየው። እውነተኛ ግንብ፣ እውነተኛ ሌሊት። እዚያ ተቀምጠው ያዩ ሰዎችን እቀናባቸዋለሁ።

«ታሌ ዳንዳ» በ1990 ወጣ። 12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካልያን ከተማ። ባሳቫና የሚባለው ገጣሚና ተከታዮቹ ዘር አይለየንም ይላሉ። የጫማ ሰፊ ልጅና የብራህሚን ልጅ ይጋባሉ፤ ከተማዋ በደም ትታጠባለች። ካርናድ ግን ከሠርጉ በፊት ቆም ብሎ እናቶቹን ያናግራቸዋል። እነሱ ስለ ታሪክ አይደለም የሚያስቡት፤ ልጆቼ ይተርፉ ይሆን ነው የሚሉት። ይህን ሲጽፍ ህንድ በቤተ መቅደስና በዘር ኮታ ጉዳይ እየነደደች ነበር። በስተርጅና የጻፋቸው የከተማ ተውኔቶች እኔን ያን ያህል አልያዙኝም። የሠለጠነ እጅ ይታይባቸዋል፤ ያ «ከዚያስ?» ግን ላላ ያለ መሰለኝ።

በኑሮው ግን አልላላም። በመስከረም 2018፣ ጋዜጠኛዋ ጋውሪ ላንኬሽ በተገደለች በዓመቱ፣ ቤንጋሉሩ ላይ በተደረገው መታሰቢያ ተገኘ። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበር። አንገቱ ላይ «እኔም የከተማ ናክሳል ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥሏል፤ ናክሳል የሚባሉት በጫካ ያሉ አማፂዎች ናቸው፤ በዚያ ሰሞን የሚተቹ ምሁራን በዚህ ስም እየተወነጀሉ ይታሰሩ ነበር። 80 ዓመቱ ነው። ሰኔ 10 ቀን 2019 ጠዋት አረፈ። የመንግሥት ክብርም፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓትም አልተደረገለትም፤ የእሱ ፈቃድ ነበር። ያን ቀን ክፍል ገብተን አስተማሪያችን ማስተማር አልቻለም። ጥቂት ቆመ፣ ከ«ሃያቫዳና» አንድ የካነዳ ዘፈን በቀስታ አለ፣ ወጣ።

ያን ማታ ለእናቴ በኢሞ ደወልኩ። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። «ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ?» አለችኝ። «አንድ ጸሐፊ ሞቶ ነው እማዬ» አልኳት። «ምን ጻፈ?» አለች። «ናጋ ማንዳላ»ን ነገርኳት።

ይህም ተውኔት ከተረት የተሠራ ነው፤ ካርናድ ከጓደኛው ከገጣሚው ራማኑጃን ነው የሰማው። ራኒ የምትባል ልጅ አገባች። ባሏ ቀን ምሳውን ሊበላ ይመጣል፣ ቆልፎባት ይሄዳል፣ ሌሊት ውሽማው ጋ ያድራል። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት አዘነችላትና የፍቅር ሥር ሰጠቻት። ራኒ ወጡ ውስጥ ስትጨምረው ደም መሰለ፤ ደንግጣ ኩይሳ ላይ ደፋችው። ኩይሳው ውስጥ ያለው እባብ ቀመሰውና ወደዳት። ሌሊት ሌሊት የባሏን መልክ ይዞ በውሃ መውረጃው ይገባል። ቀን የሚሰድባት ባል ማታ ያቅፋታል። ጥያቄ አትጠይቂኝ ይላታል። አረገዘች። ባል ከሳ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እጇን ኩይሳ ውስጥ ከትታ እባቡን ይዛ ማለች፤ ከባሌና ከዚህ እባብ በቀር የነካሁት የለም አለች። እባቡ ራሷ ላይ እንደ ጥላ ተዘረጋ። ሕዝቡ እግሯ ሥር ወደቀ።

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ሳታውቅ ቀርታ ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ባሏ አለመሆኑን ነዋ! ሴት ልጅ እኮ ነች። እጁን አታውቀውም?»

ተውኔቱ ውስጥ ልክ እዚህ ቦታ ላይ፣ ታሪኩ አለቀ ሲባል፣ የሚያዳምጠው ሰውዬ ይህንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ሌላ መጨረሻ ይመጣል። በአንዱ እባቡ በፀጉሯ ታንቆ ይሞታል። በሌላው በሕይወት ይኖርና ፀጉሯ ውስጥ ይደበቃል። ለእናቴ ሁለቱንም ነገርኳት።

«ይኑርላት» አለች። «ምን አደረጋት?»

የክረምቱ እረፍት ላይ አገር ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን ቡና አፍልተው ጠሩን። ሁለተኛው ሲቀዳ እትዬ ልጃቸውን ጠሩና «ነይ ያቺን የዘንዶውን ጨዋታ ስሚ» አሏት። እባቡ ዘንዶ ሆኗል። ራኒ የመንዝ ልጅ ሆናለች፤ የምትቆለፍበት ቤት ሣር ክዳን ነው። አሮጊቷ ሥሩን የነቀሉት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ፣ ወደ እናቴ ዞሩና «ያውቃል ያልሽው ማን ነበር? እሷ ናት ወይስ እሱ?» አሏት። እናቴ እኔን አየችኝ።